ይሄ ሃምሳው አይደለም

«ወደ ኋላ!» አለ አባት፣ ዓይኑን ከካሜራው ሳያነሳ።

አማቹ ትእዛዙ ለደንበኞቹ መሰለው። ቶሎ ብሎ ቤተሰቡን ወደ መጋረጃው ያሸሽ ጀመር። መሐል የተቀመጡትን አሮጊት ከነወንበራቸው ሊያነሳቸው ሲል «ኧረ ልትደፋኝ ነው!» ብለው ጮኹ፤ የታቀፉት ሕፃን አለቀሰ፤ ከኋላ የቆመው ረጅሙ ልጅ መጋረጃውን በጀርባው ገፍቶ ግማሹን ከማንጠልጠያው አወረደው።

«እነሱን ማን አለህ?» አለ አባት። «እኔ ነኝ ወደ ኋላ የምሄደው! ቁም ሳጥኑን ዞር አድርግልኝ ነው የምልህ።»

«ቁም ሳጥኑን? ከሱ ኋላ እኮ ግድግዳ ነው ጋሼ።»

«ግድግዳ መሆኑን እኔም አውቃለሁ። ቤቱን ያሠራሁት እኔ ነኝ።»

አሮጊቷ ቀሚሳቸውን እያስተካከሉ «እኛ ነን የወፈርነው ወይስ ቤቱ ነው የጠበበው?» አሉ። ሁሉም ሳቀ፤ ከአባት በቀር።

ጥግ ላይ ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠችው ታናሿ ልጁም አልሳቀችም። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ የሚሆናት ሥራ እስክታገኝ እዚሁ ፎቶ ታስተካክላለች፣ ታትማለች። ካልተጠየቀች አትናገርም፤ ደንበኛ ሲያናግራትም ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ትተክላለች። ደንበኛ መቀበሉ የታላቋ እህቷ ሥራ ነው። አማቹ ደግሞ የታላቋ ባል ነው፤ መብራት ያቆማል፣ ሰው ያሰልፋል፣ ዕቃ ያመላልሳል። ባልና ሚስቱ የሚኖሩት ከስቱዲዮው ጀርባ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ባሉት ሁለት ክፍሎች ነው።

ስቱዲዮው ጠባብና ረጅም ነው። አንደኛው ጫፍ ላይ ግራጫው መጋረጃ፣ ሌላኛው ጫፍ ላይ ቁም ሳጥኑ። ከቁም ሳጥኑ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ቀለሙ ያለቀ የወለል ንጣፍ አለ። አባት ዕድሜውን ሙሉ የቆመው እሱ ላይ ነው። ሌላው ፎቶ አንሺ እየተጠጋ፣ እየራቀ፣ እየተንበረከከ ይሠራል። አባት ንጣፉ ላይ ይቆማል፣ ሃምሳ ሚሊሜትር የሆነውን ሌንሱን ይገጥማል፣ ሰው ሁሉ ይገባለታል፤ መጋረጃው ከዳር እስከ ዳር፣ አንዲት ነገር ሳትጎድል። ቤተሰቡ ሌንሱን «ሃምሳው» ነው የሚለው፣ እንደ ዘመድ። «እኔ አልለካም» ይላል አባት። «እግሬ ያውቀዋል።»

ዛሬ እግሩ አላወቀውም። ከንጣፉ ላይ ሆኖ ሲያይ በግራ የቆመው አጎትየው ትከሻው ተቆርጧል፤ በቀኝ ያለችው ልጅ ጭራሽ የለችም። ቁም ሳጥኑ ተስቦ፣ ጀርባውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ እንኳ አልበቃውም። በመጨረሻ መጋረጃው እንደነገሩ ተሰቀለ፤ አባት ወደ ንጣፉ ተመልሶ፣ ቤተሰቡን አጠጋግቶ፣ ትከሻ በትከሻ ላይ ደርቦ አነሳቸው። አጎትየው ሲወጣ «እንዲህ ተቃቅፈን አናውቅም» አለ።

በሩ ሲዘጋ አባት ሌንሱን ከካሜራው ፈትቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ወደ ብርሃኑ አዞረው፣ አገላበጠው፣ አሸተተውም።

«ይሄ ሃምሳው አይደለም» አለ።

«እንዴት ጋሼ? ላዩ ላይ ተጽፏል እኮ።»

«መጻፍማ ማን ያቅተዋል? እኔ ያየሁት ሃምሳ አይደለም። እንዲህ የሚያጠበው ሰማንያ ገደማ ነው። ሃምሳን ተኝቼ አውቀዋለሁ።»

ከዚህ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ማንም ማንንም ቀና ብሎ አላየም። ሁሉም ያሰበው አንድ ነገር ነበርና። ሃምሳው ከጥቂት ቀናት በፊት ከቤት ወጥቶ ነበር። የውስጥ መስታወቱ ሻጋታ ጀምሮት ስለነበር ሌንስም ለሚያጸዳ አንድ ሰዓት ሠሪ ተሰጠ። ወስዶ የሰጠው አማቹ ነው፤ የመለሰውም አማቹ ነው። ሲመለስ ደግሞ ከሚገባው በላይ ጸድቶ ነበር። ጣት ሲነካው የሚያጣብቀው የድሮ እድፍ የለም፤ የላላው የጎማ ቀለበት በአዲስ ተተክቷል።

ካሜራውም አዲስ ነው፤ ማለትም ለነሱ አዲስ ነው። የድሮው በዚያው ሰሞን መዝጊያው ተሰብሮ ሞተ። አባት ራሱ ሄዶ፣ ራሱ መርጦ፣ ጡረታ ከወጣ ጋዜጠኛ ገዛው። የድሮው ሌንስ ያለ ምንም ችግር ገጠመለት። «ዘመድ ናቸው» ብሎ ሲያሳያቸው ፊቱ በርቶ ነበር። ስለዚህ ካሜራውን የጠረጠረ አልነበረም።

አማቹ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሼ፣ ሠላሳ አምስት ሌንስ ብንገዛስ? ትልቁ መንገድ ላይ ያለው ስቱዲዮ በሠላሳ አምስት ነው የሚሠራው፤ ያገለገሉ ሌንሶችም ይሸጣል። ቤታቸው እንደኛው ጠባብ ነው፤ ግን ሰው ሁሉ ይገባል።»

አባት ቀስ ብሎ ዞረ። «አየህ» አለ። «መጀመሪያ የኔ ሌንስ ይጠፋል። ከዚያ ሌላ ግዛ እባላለሁ። የሚሸጠውም ማን እንደሆነ ይነገረኛል።»

«ምን ለማለት ነው ጋሼ?»

«ምንም። አንተ ሥራህን ሥራ።»

አማቹ ፊቱ ተለዋወጠ፤ የተንጠለጠለውን መጋረጃ ማስተካከል ጀመረ። ታናሿ ከስክሪኑ በላይ አጮልቃ አየችው። መጋረጃውን መንጠቆው ላይ ሊሰካ ሁለት ጊዜ ሳተ። የተበደለ ሰውም እንዲህ ይስታል፣ የተያዘ ሰውም። የትኛው እንደሆነ ልትለይ አልቻለችም።

ከዚያ ወዲያ ዓይኗን ከሱ ላይ መንቀል አቃታት። ስልኩ ሲጮህ ወደ ግቢው ይወጣል። ድሮም እንዲህ ያደርግ ነበር ወይስ አሁን ነው የጀመረው? አንድ ቀን ማተሚያ ወረቀት ልታመጣ በጓሮው በር ስታልፍ «እዚህ አላወራም፣ ይሰማሉ» ሲል ሰማችው። ሌላ ጊዜ ድንገት ስትገባ የቦርሳውን ዚፕ ለመዝጋት ሲቸኩል አየችው። እነዚህን ለማንም አልተናገረችም። ግን አንዱን በሌላው ላይ ትደርባቸው ጀመር፤ በተደረቡ ቁጥርም ከበዱ።

አባት ደግሞ ነገር በነገር ይወጋዋል። ምሳ ላይ «ማንኪያው የኛው ነው ወይስ ተቀይሯል?» ይላል። ታላቋ «አባዬ!» ትላለች። «ምን አልኩ? ማንኪያ ጠየቅሁ።»

አንድ ቀን ጠዋት ወደ ታናሿ መጣና ወንበሯን ተደገፈ። «አንቺ የተማርሽ ነሽ። ይሄ ኮምፒውተር ፎቶው በምን ሌንስ እንደተነሳ አያውቅም?»

ታውቃለች። እያንዳንዱ ፎቶ ከጀርባው የተነሳበትን ሰዓት፣ ካሜራና ሌንስ ይዞ ይመጣል። እስካሁን ግን አይታው አታውቅም፤ ለማስተካከል አያስፈልጋትም ነበር። የዚያን ቤተሰብ ፎቶ መረጃ ከፈተችው። የትኩረት ርቀት፣ ማለትም የሌንሱ ቁጥር፦ 50። አባት ጎንበስ አለ። ከሥሩ ሌላ መስመር አለ፤ የትኩረት ርቀት በ35 ሚሊሜትር ፊልም፦ 75።

አባት መስመሩን በጣቱ ተከተለው።

«ሰባ አምስት» አለ። «ሰማንያ ገደማ ነው አላልኩም? ካሜራው ራሱ አወቀው! ላዩ ላይ ሃምሳ ተለጥፎበታል እንጂ ሆዱ ሰባ አምስት ነው።»

«አባዬ፣ እርግጠኛ አይደለሁም። ሁለት ቁጥር ለምን—»

«ሠላሳ አምስትም አለ! አየሽው? እሱ ግዙ ያለን ሠላሳ አምስት እዚህም ተጽፏል።»

ነገሩ አልተያያዘላትም። ግን ሰባ አምስት የሚለው ቁጥር ፊቷ ላይ ተገትሮ ነበር፣ እሷም ሌላ ማብራሪያ አልነበራትም። የጓሮው ስልክ ትዝ አላት። ዝም አለች። አባት ዝምታዋን እንደ ምስክርነት ቆጠረው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ስቱዲዮው ውስጥ አቆማቸው። «እስከ ቅዳሜ» አለ። «ሃምሳው ይምጣልኝ። የት እንደሄደ አልጠይቅም፣ ለማን እንደተሰጠ አልጠይቅም። ካልመጣ ግን ከዚህ ስቱዲዮም ከዚህ ግቢም ይወጣል።»

«ማን ነው የሚወጣው?» አለች ታላቋ።

«የሰረቀው።»

«እንግዲያው እኔም አብሬ ነው የምወጣው። ስሙን ጠርተህ ተናገር እንጂ አባዬ፣ ምን ያሽኮረምምሃል?»

አማቹ «ተይው» አላትና ወጣ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው አላለም፣ አልማለም፣ አልተቆጣም። ያ ደግሞ ለአባት ሌላ ማስረጃ ሆነ። «ንጹሕ ሰው ይጮሃል» አለ።

ማምሻውን ታላቋ ኮምፒውተሩ ጋ መጥታ ቆመች። «ለአባዬ ቁጥሩን ያሳየሽው አንቺ ነሽ አሉ።»

«ጠየቀኝ። ያለውን ነው ያሳየሁት።»

«አንቺስ ምን መሰለሽ?»

ታናሿ ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ተክላ ማውሱን ነካካች።

«አፍሽ ይታተም እንጂ ፊትሽ አይታተምም» አለች ታላቋ። «እሺ። ባሌን ሌባ ብላችሁታል። እኛ ቤት የገባ ሌላ ሌንስ ካለ ፍራሹን ገልብጠሽ ፈልጊ። ቁልፉ ያውልሽ።» ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ሄደች። ታናሿ አልነካችውም። እህቷ እንዲህ ስትናገራት የመጀመሪያዋ ነው።

በማግስቱ ሌንሱን በሻርፕ ጠቅልላ ሰዓት ሠሪው ዘንድ ሄደች። ሱቁ ለአንድ ሰውና ለብዙ ሰዓቶች ብቻ የሚበቃ ነበር። መናገር ስላፈረች ሌንሱን ፊቱ አስቀመጠችና «ይሄ ያኔ የመጣልዎት ነው?» አለች።

ሰውየው በማጉያው አየው። «ምን ሆነ? ተሰበረ?»

«አይ። ራሱ መሆኑን ልጠይቅ ነው።»

«ራሱ ካልሆነ ማን ይሆናል?» ማጉያውን ከዓይኑ አወረደ። «እኔን ነው የምትጠረጥሪው ወይስ ያመጣውን ልጅ? ለይተሽ ንገሪኝ፣ ሰድቤ የማባርረውን እንዳውቅ።»

እየተደናቀፈች ይቅርታ ጠይቃ ወጣች። መንገዱን ሙሉ ፊቷ ሲያቃጥላት ነበር። ደግሞም ምንም አላረጋገጠችም። ሌባም እንዲሁ ይቆጣል ብላ አሰበች፤ ወዲያው አባቷን መምሰሏ ገረማት። ለአባት የሚጮኸው ንጹሕ ነው፣ ለእሷ የሚጮኸው ሌባ ሆነ። እንዲህ ከሆነ ሰውን በማየት የሚገኝ ነገር የለም። ፎቶውን ልይ አለች።

የዚያን ቤተሰብ ፎቶ አተመች። ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት የድሮ የቤተሰብ ፎቶዎች አንዱን አውርዳ፣ በዚያው ስፋት የታተመውን፣ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። መጋረጃው አንድ ነው፣ መብራቱም በቦታው፤ ሁለቱም ከንጣፉ ላይ የተነሱ። አዲሱ ላይ ፊቶቹ ትልልቅ ናቸው፤ ለዚህ ነው ተጠግቶ የተነሳ የሚመስለው። ግን በእውነት ቢጠጋ ኖሮ ከፊት የተቀመጠው ሰው ከኋላው ካለው የበለጠ ይገዝፍ ነበር። እንደዚያ አልሆነም። ከፊት ያለው ወንበርና ከኋላው ያለው የመጋረጃ እጥፋት ልክ በድሮው ፎቶ ላይ እንደነበሩት ናቸው፣ እርስ በርስ ሲለኩ።

ነጭ ወረቀቶች አምጥታ የድሮውን ፎቶ ከአራቱም ዳር ትሸፍነው ጀመር። ቀስ በቀስ እያጠበበች፣ እያጠበበች። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች። በወረቀቶቹ መሐል የቀረው የድሮው ፎቶና አዲሱ፣ ከሰዎቹ በቀር፣ አንድ ዓይነት ነበሩ። አዲሱ ፎቶ የቀረበ አልነበረም። የተቆረጠ ነበር።

ማን ነው የቆረጠው? ሌንሱ ነው ወይስ ካሜራው?

የሞተው ካሜራ ቁም ሳጥኑ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። መዝጊያው ቢሰበርም መመልከቻው ያሳያል፤ ለማየት ባትሪ አያሻውም። ሃምሳውን ገጠመችበትና ንጣፉ ላይ ቆማ አየች። መጋረጃው ሙሉ ነበር፤ ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ። ፈትታ አዲሱ ላይ ገጠመችው፤ እግሯን ሳታነሳ አየች። ዳርና ዳሩ ጠፋ። ደገመችው። የድሮው፤ ሁሉም አለ። አዲሱ፤ የለም። ሌንሱ አንድ፣ ቦታው አንድ።

ከዚያ የሁለቱን ካሜራዎች አፍ ከፍታ ወደ ውስጥ አየች። ብርሃኑን የሚያነሳው መስታወት በድሮው ውስጥ ሰፊ ነው፤ በአዲሱ ውስጥ ግን ጠበብ ያለ። ከኋላው ያለው ብርሃን የሚያርፍበት ሴንሰርም እንዲሁ መሆን አለበት። ሌንሱ ያንኑ ክብ ምስል ይልካል፤ ትንሹ ሴንሰር መሐሉን ብቻ ይቀበላል፣ የቀረው ከዳር ይፈስሳል። ሃምሳው ሃምሳ ነው። ሰባ አምስት የሚለው መስመር ደግሞ ሌላ ሌንስ አለ ማለቱ አይደለም። በፊልም ዘመን ባለ ሠላሳ አምስት ሚሊሜትር ካሜራ ላይ፣ ሴንሰሩ የፊልሙን ያህል በሆነው በሞተው ካሜራም ላይ፣ እንዲህ ጠባብ ዕይታ ለማግኘት ሰባ አምስት ያስፈልግህ ነበር ማለቱ ነው። አማቹ ግዙ ያለው ሠላሳ አምስትም በዚህ ትንሽ ሴንሰር ላይ እንደ ቀድሞው ሃምሳ ይሆናል።

ተቀመጠች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ግን አሁን ለአባቷ፣ ጥፋተኛው ራስህ መርጠህ ያመጣኸው ካሜራ ነው ማለት ሊኖርባት ነው።

ዓርብ ጠዋት፣ ደንበኛ ሳይገባ፣ ሁለቱን ካሜራዎች ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ጠበቀችው። ልታስረዳው ያዘጋጀችው ንግግር ሲገባ ጠፋባት። «አባዬ፣ ንጣፉ ላይ ቁምልኝ» ብቻ አለች።

«ምን ላደርግ?»

«ቁምልኝ።»

በድሮው አየ። «ይኸው! ሃምሳዬ!» ብሎ ሊዘል ደረሰ። «ከየት ተገኘ? ማን ጋ ነበር?» እሷም ሌንሱን ዓይኑ እያየ ፈትታ አዲሱ ላይ ገጠመችና ሰጠችው። አየ። ዓይኑን አነሳ። ደግሞ አየ። «አንዴ መልሺልኝ» አለ። መለሰችለት። «አንዴ ደግሞ።» እሱ ራሱ እየፈታ እየገጠመ ሲያይ እሷ ወረቀቶቹን አመጣች፤ የድሮውን ፎቶ እንዴት እንደሸፈነችው አሳየችው።

አባት ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ «ጋዜጠኛው አታለለኝ» አለ።

«አላታለለህም አባዬ። ካሜራው ደህና ነው። አነስ ያለ ሴንሰር ነው ያለው፤ ስንገዛ አልጠየቅንም።»

«አልጠየቅሁም በይ እንጂ። አብረሽኝ አልነበርሽም።»

«አልጠየቅክም።»

አየት አደረጋት፤ እንዲህ ያለ መልስ ከሷ አይጠብቅም። «እስቲ ጥሪው» አለ።

አማቹ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ ታላቋ ከኋላው። አባት ይቅርታ አላለም። «ሃምሳው ተገኘ» አለ። «እዚሁ ነበር።»

አማቹ ሁለቱን ካሜራዎች፣ ከዚያ ታናሿን አየ። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለ። «መገኘቱ ደስ ብሎኛል። ግን ትልቁ መንገድ ላይ ካለው ስቱዲዮ ሥራ ሰጥተውኛል። ሰኞ እጀምራለሁ።»

«መቼ ነው የተነጋገራችሁት?»

«የስቱዲዮው ባለቤት ከጠየቁኝ ቆይተዋል። እኔ አሻፈረኝ ስል ነበር። ማክሰኞ እሺ አልኳቸው።»

ማክሰኞ አባት ሁሉንም ያቆመበት ቀን ነበር። የጓሮው ስልክ ይሄ ነበር። ታናሿ ራሷን ደፋች።

«ስትሾካሾክ ነበራ» አለ አባት። ድምፁ ግን አልጠነከረም።

«እርስዎ እየጠረጠሩኝ በፊትዎ ምን ብዬ ላውራ? ሌባ ላይ ደግሞ ከሐዲ ልጨምር?»

ቅዳሜ አባት ካሜራውን አንጠልጥሎ ትልቁ መንገድ ወዳለው ስቱዲዮ ሄደ። ታናሿን አስከትሏል። ፊት ለፊት ባለው የመስታወት ሣጥን ውስጥ ያገለገሉ ሌንሶች ይሸጣሉ። አማቹ ሰኞ የሚጀምረውን ሥራ ሊለማመድ ቀድሞ ደርሶ ነበር፤ ቀርቦ ሣጥኑን ከፈተላቸው።

«ሃያ አራትም አለ» አለ። «እሱ ቤቱን ሁሉ ያስገባል።»

«ታዲያ ለምን እሱን አንወስድም?» አለ አባት፤ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ።

«ክፍሉን ለማንሳት ጥሩ ነው። ለሰው ግን ተጠግተው ነው የሚያነሱት፤ ያኔ ዳር ላይ የቆመው ሰው ይለጠጣል። የሙሽራ አክስት ጉንጯ እንዲህ ሲሆን ማን ይመልስላታል?» በሁለት እጁ ጉንጩን ወደ ጎን ሳበ። ታናሿ ሳቋ አመለጣት።

«ሠላሳ አምስቱን ስጠኝ» አለ አባት። ተቀብሎ ላዩ ላይ የተጻፈውን አነበበ፤ ወደ ብርሃን አዞረው፤ ካሜራው ላይ ገጥሞ የሱቁን ወርድ አየበት። ፈትቶ ደግሞ አነበበው። አማቹ እጁን አጣምሮ ጠበቀ። አባት «ይሄስ ራሱ ነው?» አለ።

«ጋሼ፣ እዚያው ገጥመው አይተውት የለም እንዴ?»

አባት ሌንሱን ገዝቶ፣ ካፖርቱ ውስጥ አስገብቶ ወጣ። ታናሿ ዞር ብላ እጇን አወዛወዘች፤ አማቹም ጭንቅላቱን ነቀነቀላት።

እሑድ ታላቋና ባሏ ዕቃቸውን በትንሽ የጭነት መኪና ጭነው ትልቁ መንገድ አጠገብ ወደተከራዩት ቤት ገቡ። ሰኞ ታናሿ ኮምፒውተሩን ዘግታ እህቷ በተወችው የደንበኞች መቀበያ ጠረጴዛ ጀርባ ተቀመጠች።